የገና ሰሞን ድንኳን ለምትተክሉ፦ ጥያቄና መልስ

ገና እየደረሰ ነው። ብዙዎቻችሁ ከቅዳሜና እሁድ ጋር አያይዛችሁ ከከተማ ለመውጣት አስባችኋል። ወንጪ፣ መናገሻ፣ ላንጋኖ፣ ባሌ ስትሉ ሰምቻለሁ። ድንኳን ይዤ መዞር ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ የማውቀውን ልመልስ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ፍሙም፣ አመዱም፣ ማንደጃውም።

የሰሚቷ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ለአንድ ሌሊት ወንጪ ልናድር ነው። አራት ነን። በጋ ስለሆነ ዝናብ አይኖርም ብለን ቀለል ያለ ድንኳንና ለየራሳችን አንዳንድ ብርድ ልብስ ይዘናል። ይበቃናል?

መልስ፦ አይበቃችሁም። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

እኛ አገር ብርድ ሲባል ሰው ክረምትን ያስባል። ግን ከባዱ የሌሊት ብርድ ያለው በጋ ላይ ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ደመናው ይዞ ያቆየዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘው ስለሌለ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ሲሄድ ያድራል። ገበሬው በዚህ ወቅት ውርጭ የሚፈራው ለዚህ ነው። ቀን በቲሸርት ስትዞሪ የዋልሽበት ሜዳ ንጋት ላይ አመዳይ ለብሶ ታገኚዋለሽ። ብርዱ የሚጠናው እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም። ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ደግሞ ይብሳል። አብዛኛው ሰው 5 ሰዓት ላይ «ኧረ ደህና ነው» ብሎ ይተኛና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ይነቃል።

ወንጪ ላይ ከፍታው ይጨመርበታል። ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው፤ የአፋፉ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3,300 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ያዢ። ሌላም ነገር አለ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል። ወንጪ ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን ማለት ነው። ታች ያለው ለጥ ያለ ሜዳ ሲያዩት ያምራል፤ ሌሊት ግን የዙሪያው ብርድ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። አፋፉ ላይ ደግሞ ነፋሱ አያስቀምጥም። ከሜዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ነፋስ የማያገኘው ቦታ ፈልጉ። መሬቱ የማን እንደሆነ ጠይቃችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ትከሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው። የምትተኚበት መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀትሽን ሲመጥጥ ያድራል። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ብትደርቢም ከሥርሽ የሚመጣውን ብርድ አያቆምልሽም። ስለዚህ ሁለት ብርድ ልብስ ካለሽ አንዱን አንጥፊው። ከሁሉ በታች ኬሻ ወይም ደረቅ ገለባ ይሁን። ቀጥሎ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ። በአየር የሚነፋውን ፍራሽ ብቻውን አትመኚው። ውስጡ ያለው አየር ስለሚንቀሳቀስ የመሬቱን ቅዝቃዜ ወደ ጀርባሽ ያመጣዋል።

የጀሞው፦ ጋሼ፣ ስለ ብርዱ ካነሱ አይቀር፣ ቀለል ያለ ማንደጃ ይዘን ድንኳኑን ትንሽ አሙቀን ብናወጣውስ?

መልስ፦ አይሆንም። መግቢያው ላይ ተናግሬአለሁ፣ እደግመዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አብረውን ከወጡት ሁለት ወጣቶች እራት የሠሩበትን ማንደጃ «ፍሙ ሞቷል» ብለው ድንኳናቸው ውስጥ አስገቡት። ዚፑንም ዘጉት። ሌሊት አንደኛው ሲያስመልሰው ሰምቼ ሄድኩ። ዚፑን ስከፍት ጭስ የለም፤ ሽታም የለም። ልጁ ተንበርክኮ መነሳት አቅቶታል። ሌላኛው ስጠራው አይሰማም። በእግራቸው ጎትተን አወጣናቸው። ሁለቱም ተርፈዋል፤ ግን ያን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። እንቅልፍ የመጣ ይመስልሃል እንጂ መታፈንህን አታውቀውም። «ትንሽ አሙቀን እናወጣዋለን» ያለ ሁሉ ሞቆት ይተኛል።

ሙቀት ከፈለግህ ውኃ አፍላና ኮዳ ውስጥ ጨምረህ ክዳኑን አጥብቅ። ካልሲ አልብሰህ እግርህ ሥር አድርገው። ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ውኃ አትጨምር፤ ይኮማተርና አልጋህ ላይ ይፈስሳል።

የሳሪሱ፦ ኮዳና ካልሲ ምን ያደርጋል? ሁለት መለኪያ አረቄ ይበቃል። አያቶቻችን ደጋ ላይ በምን ኖሩ?

የጀሞው፦ አያቶቻችንማ በቡልኮና በጋቢ ነው የኖሩት። ደግሞ ከከብት ጋር አንድ ቤት ነበር የሚያድሩት፤ ሙቀቱ ከዚያ ነው።

የሳሪሱ፦ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። ብርድ ምን እንደሆነ እኔን አታስተምረኝም። የደብረ ብርሃን አረቄ ለከንቱ ስም አላወጣም።

የጀሞው፦ ስም ማውጣቱና ማሞቁ ለየቅል ነው።

የሰሚቷ፦ ደግሞ እኮ ጾም ነው። ምን አረቄ አመጣችሁ?

መልስ፦ ይብቃችሁ። አረቄ ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል። ደሙ ወደ ላይ ሲወጣ ፊትህ ይግላል፤ የሞቀህም ይመስልሃል። እውነታው ግን የሆድህ ሙቀት በቆዳህ በኩል እየወጣ ነው። ቤት ውስጥ ምድጃ አጠገብ የጠጣና ድንኳን ውስጥ የጠጣ አንድ አይደሉም። ከመተኛታችሁ በፊት የሚያሞቀው ምግብ ነው። በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ። ሽሮ ትኩስ ትኩሱን ብሉ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ሌሊት ብርድ ሲያነቃችሁ ቆርጠም ቆርጠም አድርጉ። ሁሉም የጾም ነው።

የአያቷ፦ ጅብ አለ ወይ?

መልስ፦ የት? ቦታውን ሳትነግሪኝ ምን ልበልሽ? በአገራችን ጅብ የሌለበት ቦታ ጥቂት ነው። የምግብ ትራፊ ድንኳን ውስጥ አታሳድሪ። ጫማሽንም አስገቢው፤ የቆዳ ሽታ ይስበዋል።

የቨርጂኒያው፦ ሰላም ጋሼ። ለገና ከአሜሪካ እየመጣሁ ነው። ከዘመዶቼ ጋር ባሌ ልንወጣ አስበናል። እዚህ የገዛሁት ስሊፒንግ ባግ ላይ «40 ዲግሪ» የሚል ተጽፏል። ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ እንኳን ጠየቅኸኝ። ያ 40 በፋራናይት ነው። በእኛ አቆጣጠር 4 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ አይችልም። ብዙዎቹ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ተመችቶህ የምትተኛበት ሳይሆን ተኮራምተህ የምታሳልፈው ልክ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ላይ በእኛው ልክ ቢያንስ 5 ዲግሪ ጨምር።

የባሌው ሳነቴ አምባ በአብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው ከፍተኛው ተራራ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በዚህ ወር ሌሊቱ ከዜሮ በታች በደንብ ይወርዳል። ለዚያ የሚሆነው በፋራናይት 0፣ ቢበዛ 15 የሚል ነው። ያንን ካገኘህ አምጣ፤ 40ውን ላንጋኖ ትጠቀምበታለህ።

ሌላም ነገር ስማኝ። ከአውሮፕላን በወረድህ ማግስት ሳነቴ ላይ እንዳታድር። ከፍታው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። መጀመሪያ ዲንሾ እደር። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። በሁለተኛው ቀን በጎባ በኩል ሳነቴን ቀን ላይ ጎብኝተህ ለማደር ወደ ታች ውረድ። ቀይ ቀበሮን ለማየት ሌሊት መነሳት አያስፈልግህም። የምታድናቸው አይጦችና ፍልፈሎች የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቅ ስለሆነ እሷም የቀን አዳኝ ናት። ከረፋዱ 3 ሰዓት ጀምሮ መኪናውን አቁማችሁ ዝም ብላችሁ ሜዳውን ተመልከቱ። ስትታይ ለብቻዋ ናት፤ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ እየረገጠች። መኪና ውስጥ ሆናችሁ ምግብ እንዳትወረውሩላት።

የመገናኛው፦ መንገዱ ሰላም ነው?

መልስ፦ የዛሬውን የሚያውቀው እዚያ ያለ ሰው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ ዋስ መሆን አልችልም።

የጎተራዋ፦ ጋሼ፣ ባለፈው መናገሻ ሱባ ስናድር ድንኳናችን ከውስጥ ረጥቦ አገኘነው። ዝናብ አልነበረም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ትንፋሻችሁ ነው። ሦስት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ውኃ ይሆናል። ብርዱን ፈርታችሁ ሁሉንም ዚፕ ዘግታችኋል። ከላይ ያለውን መተንፈሻ ክፈቱት፤ ከበሩም ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል። ብርዱ ትንሽ ይጨምራል፣ ግን ደርቃችሁ ታድራላችሁ። የረጠበ ብርድ ልብስ ከነፋስ ይብሳል። መናገሻ ላይ እሳት የት ማንደድ እንደሚፈቀድ ጠባቂዎቹን ጠይቁ። ያ የጽድ ደን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ ነው ይባላል። በጋ ላይ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል።

የሲኤምሲው፦ ላንጋኖስ?

መልስ፦ ላንጋኖስ ምን? ብርዱን ከሆነ አያስቸግርም፤ ከወንጪ አፋፍ ከ1,500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ሞቃት ስለሆነ አጎበር ያዙ። ለዋና ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተመራጭ የሆነው ብልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ነው። አሸዋ ላይ ካስማ አይዝም፤ ፌስታል አሸዋ ሞልታችሁ ገመዱን እሱ ላይ እሰሩና ቅበሩት። የደረቀ ወንዝ ውስጥ አትትከሉ። እናንተ ጋ ሳይዘንብ ጎርፉ ከላይ ይመጣል።

የሳሪሱ፦ ስልኬ ላይ ያለው የአየር ትንበያ «6:00፣ 9 ዲግሪ» ይላል። እኩለ ቀን ላይ 9 ዲግሪ እንዴት ይሆናል? ውሸቱን ነው ልተወው?

የጀሞው፦ ወንድሜ፣ የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ማለት ነው።

መልስ፦ ትክክል ነው። ሌላም ጨምሩበት። ትንበያው የሚሰጣችሁ የቅርቡን ከተማ ነው። ጎባን ስትፈልጉ የጎባን ይነግራችኋል፤ እናንተ የምታድሩት ግን ሌላ ቦታ ነው። የከተማውንና የምትተክሉበትን ቦታ ከፍታ አስተያዩ፣ በየ1,000 ሜትሩ 6 ቀንሱ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ሁለት ሦስት ዲግሪ ደግሞ ጨምራችሁ ቀንሱ። እኔ እስካሁን የማደርገው ይህንኑ ነው።

የመገናኛው፦ ጋሼ፣ በአጠቃላይ ለካምፒንግ ምን ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ምን ላይ ነው? ከላይ ጀምረህ አንብበው። የት፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሌሊት የሚለውን ይዘህ ተመለስ፤ ያኔ በደስታ እመልስልሃለሁ።

የአያቷ፦ መኪና ውስጥ ብናድርስ? ሞተሩን አስነስተን ሙቀቱን...

መልስ፦ ከሰሉ ላይ ያልኩት ያው ነው። የቆመ መኪና ውስጥ ሞተር አስነስቶ መተኛት አይሆንም። ያው ጋዝ ነው።

የሰሚቷ፦ ጋሼ፣ ወንጪ ድረስ ሄደን ከምንቀጣ እዚሁ ብሞክረው ይሻላል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ደስ አሰኘኝ። ዛሬ ማታ ግቢ ውስጥ ትከዪውና እደሪበት። ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን አፈር ላይ። ነገ ጠዋት ንገሪኝ።

የሰሚቷ፦ (በማግስቱ) አደርኩበት። 10 ሰዓት ሲሆን ነቃሁ። ደረቴ ሞቆኛል፣ ጀርባዬ ግን በረዶ ሆኗል።

መልስ፦ ከሥርሽ ምን አነጠፍሽ?

የሰሚቷ፦ ስፖንጅ ብቻ። ኬሻ አላገኘሁም። ብርድ ልብሶቹን ሁለቱንም ከላይ ደረብኩ።

መልስ፦ አንዱን አውርጂው። ኬሻ ከእህል ወፍጮ ቤት ጠይቂ፤ ሦስት ይበቃሻል። ዛሬ ማታም ድገሚው።