የስዊቾችን ማስተዳደሪያ በተለየ ቪላን ስለ ማደራጀት

ወንድማችን፣ 60 ያህል ኮምፒዩተሮች፣ ፕሪንተሮች፣ ካሜራዎችና የእንግዶች ዋይፋይ ሁሉም በአንድ የ192.168.1.0 ኔትወርክ ውስጥ ባሉበት ቢሮ የስዊቾቹን (መሣሪያዎቹን በገመድ የሚያገናኙትን ሳጥኖች) ማስተዳደሪያ በተለየ ቪላን (በእነዚያው መሣሪያዎች ላይ ተከፍሎ በሚለይ ኔትወርክ) ለብቻው መለየት ያስፈልግ እንደሆነ፣ ከየት እንደሚጀመርም ጠይቀዋል። የቢሮ ኔትወርክ ስዘረጋና ስጠግን ከቆየሁበት ሥራ በመነሣት አዎን፣ ያስፈልጋል እላለሁ፤ ምክንያቱም አሁን ባለው አሠራር የአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ በቫይረስ ቢጠቃ የስዊቹም የፋየርዎሉም (የኔትወርኩ መከላከያ) መግቢያ ገጽ ያለ ከልካይ ይከፈትለታል።

ሆኖም ቪላን 99 ከፍቶ የስዊቾቹን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ወደ 10.10.99.0 ማዛወር ብቻውን ከለላ አይሆንም። ቪላኖቹን የሚያገናኘው ራውተር ወይም ሌየር 3 ስዊች (የራውተርንም ሥራ የሚሠራ ስዊች) ካልተከለከለ በቀር ትራፊኩን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሳልፋል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ትናንት ይደርስበት የነበረውን ስዊች ዛሬም በአዲሱ አድራሻ ይደርስበታል። ልዩነቱ እውን የሚሆነው ከአይቲ ክፍሉ ኮምፒዩተሮች ብቻ በኤስኤስኤች (የተመሰጠረ የትእዛዝ መግቢያ፣ ፖርት 22) እና በኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ የድረ ገጽ መግቢያ፣ ፖርት 443) መግባትን የሚፈቅድና ሌላውን ሁሉ የሚከለክል ደንብ ሲጻፍ ነው። ቴልኔት የተባለው የቆየ የርቀት መግቢያ የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር ስለሚልክ ጨርሶ ይዘጋ። አክሰስ ፖይንቶቹ (ዋይፋዩን የሚያሰራጩት መሣሪያዎች) በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል የሚተዳደሩ ከሆኑ ወደ ኢንተርኔት መውጫ መፍቀድዎን አይርሱ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የማዛወሩ ቅደም ተከተል ነው። አስቀድመው አዲሱን ቪላን በሁሉም ስዊቾች ላይ ይክፈቱና በትራንክ ፖርቶቹ (የብዙ ቪላኖችን ትራፊክ በስዊቾች መካከል በሚያሳልፉት መሰኪያዎች) እንዲያልፍ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ አይፒውን ሲቀይሩ በጣም ከራቀው ስዊች ጀምረው ወደ ዋናው ይምጡ፣ በእያንዳንዱም ላይ አዲሱን ጌትዌይ (ወደ ሌሎች ኔትወርኮች መውጫ የሆነውን አድራሻ) ያስገቡ። ጌትዌዩ ከተረሳ ስዊቹ ከራሱ ቪላን ውጭ ለመጣ ጥያቄ መልስ መስጠት አይችልም። በኔትወርኩ መግባት ካቃተዎ ኮምፒዩተርዎን ከስዊቹ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው የኮንሶል ገመድ በእጅዎ ይኑር። ብዙ ስዊቾች ለውጡ ካልተቀመጠ ሲጠፉና ሲበሩ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ፤ ይህ በሙከራ ጊዜ መዳኛ ነው፣ በአዲሱ አድራሻ መግባትዎን ካረጋገጡ በኋላ ግን ወዲያውኑ ያስቀምጡት፤ መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማችን ያልተቀመጠ ሥራ በአንድ አፍታ ይጠፋልና።

ካሜራዎቹንና ፕሪንተሮቹን ወደዚህ ቪላን አያስገቡ። ሶፍትዌራቸው እምብዛም ስለማይታደስ የራሳቸው ቪላን ይሻላቸዋል፤ ለእንግዶቹ ደግሞ ኢንተርኔት ብቻ የሚያገኙበት ሌላ ይበቃል።