ቁጥር 12 ማን ናት? ከስሟ በፊት ዘመኗን ፈልግ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የድሮ የውድድር መኪና ፎቶ እጅህ ገብቷል። ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈም፣ መኪናዋ ላይ የሚታየው ቁጥር 12 ብቻ ነው። «ምን ዓይነት መኪና እንደሆነች እንዴት ልወቅ? ይሄን ነገር በትርፍ ጊዜዬ ልያዘው ብል ከየት ልጀምር?» ብለሃል። እኔ ብዙ ዓመት የቆየሁበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት የመኪናዋን ስም አትፈልግ። ሁላችንም መጀመሪያ ላይ አፍንጫዋን አይተን «ማዜራቲ ናት!» እንላለን። ከዚያ በኋላ የምናየውን ነገር ሁሉ ከማዜራቲ ጋር ልናስማማ እንታገላለን። ብዙ ጊዜ ያባከንኩት በዚህ ነው። መጀመሪያ ዘመኑን አጥብበው፣ ቀጥሎ ቦታውን። እነዚህ ሁለቱ ከተያዙ ስሟ ብዙም አያስቸግርም።

ዘመኑን ከምን ታውቃለህ? ከፊት ጎማ ጀምር። ፊት ለፊት ፍሬን ከሌላት በጣም አሮጌ ናት። በ1914 በፈረንሳይዋ ከተማ ሊዮን በተካሄደው ግራንድ ፕሪ (ትልቁ የመኪና ውድድር) የፊት ፍሬን የነበራቸው ጥቂቶች ነበሩ፣ በብዛት የተለመደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከሹፌሩ ጎን መካኒክ ተቀምጧል? በግራንድ ፕሪ ከ1925 ጀምሮ መካኒክ አብሮ መሳፈሩ ቀርቷል። በአሜሪካው የኢንዲያናፖሊስ ውድድር ላይ ግን ከ1930 እስከ 1937 እንደገና ተመልሶ ስለነበር በዚህ ብቻ አትወስን። ሹፌሩ የጨርቅ ቆብ አድርጎ ከሆነና ግራንድ ፕሪ መሆኑን ካረጋገጥክ ከ1952 በፊት ነው፣ ሄልሜት ግዴታ የሆነው በዚያ ዓመት ነውና። ሞተሩ ከሹፌሩ ኋላ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነህ። እዚህ ላይ የ1930ዎቹን የጀርመን መኪና አውቶ ዩኒየን እንዳትረሳ። ባለ 16 ሲሊንደሩ ሞተር ከኋላ፣ ሹፌሩ ወደ ፊት ጎማዎቹ ተጠግቶ ነበር የሚቀመጠው። በቀጭን ዘንጎች ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ክንፍ ያላት ፎርሙላ ዋን ካጋጠመችህ ዕድለኛ ነህ። እነዚያ ክንፎች በ1968 መጥተው በ1969 ሞናኮ ላይ ታግደዋል። ከዚያ በላይ ጠባብ ዘመን አታገኝም።

ቀለም ላይ ግን በጣም ተጠንቀቅ። የደረሰብኝን ልንገርህ። አንድ የ1920ዎቹ ፎቶ ነበረኝ፣ ከኋላና ከጎን የተነሳ። ራዲያተሩ አይታይም። መኪናዋ ጥቁርና ነጩ ፎቶ ላይ ፈዛዛ፣ ነጭ ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ አገር የራሱ የውድድር ቀለም ነበረው፦ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ጣሊያን ቀይ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ቤልጂየም ቢጫ፣ ጀርመን ነጭ። ስለዚህ ጀርመን ናት ብዬ ደመደምኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጀርመን መኪና ስፈልግ ከረምኩ።

አንድ አንጋፋ ጓደኛችን ፎቶውን አይቶ «ቀለሙን ተወውና ቸርኬውን እየው» አለኝ። በአጉሊ መነጽር አየሁት። የሽቦ ራጂ የለውም። ስምንት ጠፍጣፋ ክንድ ያለው፣ ከቀለጠ አሉሚኒየም የተሠራ ቸርኬ ነው፣ የፍሬኑ ከበሮም ከቸርኬው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ። ይሄ በ1924 ሊዮን ላይ ብቅ ያለችው ቡጋቲ ታይፕ 35 ናት። ማለትም ፈረንሳዊት፣ ማለትም ሰማያዊ! ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዚያን ዘመን ብዙ ፊልምና የመስታወት ኔጋቲቭ ቀይን አያይም፣ ለሰማያዊ ግን ከመጠን በላይ ስሱ ነው። ስለዚህ ቀይ ወደ ጥቁር ይጠጋል፣ ሰማያዊ ይነጣል። ያቺን ቸርኬ ካየሁበት ቀን ወዲህ በአሮጌ ፎቶ ላይ በቀለም ተነስቼ አገር አልናገርም።

ቡጋቲን ካነሳሁ አይቀር፣ ታይፕ 35ን ከታይፕ 51 መለየት ለዓይን ጥሩ ልምምድ ነው። ከሩቅ መንትዮች ናቸው። 51ዱ ከሹፌሩ ኋላ ሁለት የነዳጅ ክዳን አለው። በኮፈኑ ጎን ያለው የሱፐርቻርጀሩ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ማስተንፈሻ ቀዳዳም ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ቸርኬያቸውም ይለያያል፣ ግን ባለቤቶች እየቀያየሩ ስለገጠሙ እሱን ብቻ አትመን። በአጠቃላይ በአንድ ቀን ተፈቶ ሊቀየር የሚችልን ነገር እንደ ማስረጃ አትያዝ። የሚያሳምንህ እንደ ጣሊያኗ የውድድር መኪና ላንቺያ ዲ50 ያለ ነገር ነው። ከፊትና ከኋላ ጎማዎቹ መካከል፣ በግራም በቀኝም የነዳጅ ታንክ አለ። እሱን አንዴ ካየኸው መቼም አይጠፋህም።

ፎቶው ራሱ ግራና ቀኙ ተገልብጦ የታተመ ሊሆንም ይችላል። ቁጥር 8 ወይም 11 ከሆነ በቁጥሩ አታውቀውም። ያኔ የጭስ ማውጫውን እይ። የማዜራቲ 250ኤፍ በሹፌሩ ግራ ነው፣ የመርሴዲስ ደብልዩ196 በቀኝ። ያንተ 12 በትክክል ስለሚነበብ ከዚህ ችግር ነፃ ነህ። ሌላው ደግሞ በ1930ዎቹ መኪና ላይ ከሹፌሩ ጭንቅላት ኋላ የብረት ቅስት፣ ወይም ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ካየህ፣ ፎቶው በቅርብ ጊዜ ለአሮጌ መኪኖች ከተዘጋጀ ውድድር ነው።

ከፎቶ ሥር የተጻፈ ነገር ስታገኝም ዝም ብለህ አትቀበል። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ዣክ ሄንሪ ላርቲግ ያነሳውን፣ የኋላ ጎማው ወደ ፊት ያዘመመውን ዝነኛ ፎቶ አይተኸው ይሆናል። ለብዙ አስርት ዓመታት «ደላዥ፣ 1912» ተብሎ ሲታተም ኖሯል። ሰዎች መኪናዋ ላይ ያለውን ቁጥር 6 ይዘው ሲያጣሩ ግን ደላዥ ሳትሆን በ1913 በፈረንሳይዋ ከተማ አሚያን የሮጠች ሽናይደር የተባለች መኪና ሆና ተገኘች። ስህተቱ አንሺው ራሱ የሰጠው ስያሜ ላይ ነው፣ እና ያረመው ያቺ አንዲት ቁጥር ናት።

ያንተም 12 እንዲሁ ትሠራልሃለች። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቁጥር የሚሰጠው በየውድድሩ ስለነበር፣ ብቻዋን ምንም አትነግርህም። ዘመኑንና ቦታውን ካወቅክ ግን የዚያን ቀን ተሰላፊዎች ዝርዝር ከፍተህ ጣትህን 12 ላይ ታሳርፋለህ። ለቦታው ደግሞ ከመኪናዋ ጀርባ ያለውን እይ፦ ተዳፋት የሆነ የኮንክሪት መታጠፊያ፣ የድርቆሽ ክምር፣ ማስታወቂያ፣ የተመልካቹ አለባበስ።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ፎቶውን በስልክ ከማንሳት ይልቅ በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርገው። ከዚያ የፊት ጎማውን፣ የጭስ ማውጫውንና ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ክፍል ለየብቻ ቆርጠህ ለጥፍልን። ጠርዙንም አትቁረጠው፣ ጥግ ላይ ግማሽ የታየች ሌላ መኪና ካለች ከሷም ልንጀምር እንችላለን።