የጃትሮፋ ፋጉሎ ለበግ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ መውረጃው ላይ ነኝ። ለአረፋ ስድስት በጎች አደልባለሁ። የኑግ ፋጉሎ አልቀመስ አለ። ጎረቤቴ ለአጥር የሚተከለውን የጃትሮፋ ቁጥቋጦ ፍሬ ለሳሙና ጨምቆ የተረፈውን በነፃ ሰጠኝ። ቀቅዬ ከፉርሽካ ጋር ልስጣቸው? ትናንት ለአንዱ ባቀምሰው ዛሬ አስቀምጦታል።

መልስ፦ አይስጡ። ተቀቅሎም ቢሆን።

ሐሳብዎ ይገባኛል። ጓያንም ነክረን፣ ቀቅለን፣ ውሃውን ደፍተን አይደል የምንበላው? ጃትሮፋ ግን ሁለት መርዝ አለው። አንዱ ኩርሲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ እሳት ያፈርሰዋል። ሁለተኛው ፎርቦል ኤስተር ይባላል፤ ዳይተርፔኖይድ ከሚባሉት የዕፅዋት ውህዶች ወገን ነው። ይኼኛው በ160 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ እንኳ አይጠፋም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዘይት ወዳድ ስለሆነም ውሃውን ቢደፉት እሱ ፋጉሎው ላይ ይቀራል።

ሴል ውስጥ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ሰውነት ሲፈልግ ያበራዋል፣ ሲበቃው ያጠፋዋል። ፎርቦል ኤስተር ግን ደወል ተጭኖ ጣቱን አላነሳም እንዳለ ልጅ ነው። የሚገርመው፣ ተመራማሪዎች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ክሮተን ከሚባል ተክል ዘይት የተገኘውን ዘመዱን፣ ፒኤምኤ የሚሉትን፣ በጣም በጥቂቱ ሴል ላይ ጨምረው ምን እንደሚሆን ያያሉ። ፎርቦል ኤስተር የሚጫነው ማብሪያ ይኸው ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ መሆኑ የታወቀው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ካንሰር በተጀመረበት የአይጥ ቆዳ ላይ ደጋግመው ሲቀቡት ዕጢውን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ፋጉሎውን በባዶ እጅ አይፈትፍቱት፤ ዓይንዎንም አይንኩ።

ለበጉ አብሽሩ፤ አንዴ ስለቀመሰ ያልቅለታል ማለት አይደለም። ለብቻው ያድርጉት፣ ንጹሕ ውሃ አይለየው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዛሬውኑ ይየው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሳያገግምና ባለሙያው ሳይፈቅድ እንዳይታረድ።

ለሌሎቹ የምስር ገለፈት፣ የአተር ገለባ፣ ጓሮ ካለ ሳስፓኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍ ከፉርሽካው ጋር ይበቃሉ። ቀስ ብለው ያለማምዷቸው እንጂ በአንድ ቀን አይቀይሩባቸው።

ፋጉሎውን ግን አይጣሉት። ናይትሮጂን አለው፤ ማሳ ላይ በትነው አፈር ያልብሱት። መርዙ አፈር ውስጥ በሳምንታት ይፈርሳል። የጃትሮፋው አጥርም ይቆይ፤ ፍየል እንኳ ዞር ብላ አታየውም።

እስከዚያው ከረጢቱን ከፉርሽካው ጎን አያስቀምጡት። እርስዎ በሌሉበት ቀን ልጁ ይቀላቅለዋል።