ሪሲቨሩ ከሶኬት ተነቅሎም የዲሹ ገመድ ለምን ይነዝራል?

ወንድሜ፣ አዳማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከጎረቤት ጋር በአንድ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ ጭንቅላት) እንደምትጠቀሙ፣ ኤችዲኤምአይ ስትሰካ ብልጭ ብሎ የቲቪው አንድ ፖርት እንደሞተ፣ ሪሲቨሩን ነቅለህ እንኳን የዲሹ ገመድ እንደሚነዝርህ ጽፈሃል። አዲስ ሪሲቨር ግዛ ያሉህን ለጊዜው አትስማቸው። የአንተ ዕቃ ተነቅሎ ከነዘረህ ኮረንቲው የሚመጣው ከውጭ ነው።

ባለ ሁለት እግር ስፒና ያላቸው ሪሲቨሮችና ቲቪዎች ፓወር ሰፕላያቸው ውስጥ ረብሻ የምታጣራ ትንሽ ካፓሲተር አለች። ግራውንድ ከሌለ በእሷ የሚሾልከው ኮረንቲ የዕቃውን ብረት የ220 ግማሽ፣ 110 ቮልት ገደማ ያደርሰዋል። ዕቃው ጤነኛ ከሆነ መጠኑ ከ1 ሚሊ አምፔር በታች ስለሆነ ይቆነጥጣል እንጂ አይጥልም። የሁለታችሁ ገመዶች የውጭ መረብ (በመሃሉ ሽቦ ዙሪያ ያለው የብረት ጥልፍ) ደግሞ ኤልኤንቢው ላይ ከአንድ ብረት ጋር ይገናኛል። ስለዚህ የጎረቤትህ ሪሲቨር እስከተሰካ ድረስ አንተ ቤት ያለው ጫፍ ይነዝራል።

ይህ ግምት ነውና ለካው። መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ፣ ከፍተኛው ሬንጅ ላይ አድርግ። መጀመሪያ የሶኬቱን ግራውንድ ፈትሽ፤ ከፌዝ (ኮረንቲ ካለው ቀዳዳ) ወደ ጎኑ የግራውንድ ክሊፕ 220 አካባቢ ካላሳየ ክሊፗ ለጌጥ ናት ማለት ነው። ዲቫይደሩንም አትመነው፤ ክሊፕ ኖሮት ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ገበያው ላይ ሞልቷል። ከዚያ ከሪሲቨሩ የተነቀለውን የዲሽ ገመድ መረብ ከሚሠራ ግራውንድ ጋር ለካ። ከ60 እስከ 120 አንብቦ ጎረቤትህ ስፒናውን ሲነቅል ከወረደ፣ ያልኩህ ነው። ወደ 220 ተጠግቶ ማንም ቢነቅል ካልተነቃነቀ ግን ፌዝ ከዲሹ ወይም ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ተነካክቷል። ያኔ ገመዱን አትንካ፣ ጣሪያም አትውጣ፤ ኤሌክትሪሺያን ጥራ። ቴስተር ካቻቢቴ በሁለቱም ስለሚበራ እዚህ ላይ አይጠቅምም።

መፍትሔው የዲሹን ብረት በ4 ካሬ የመዳብ ሽቦ ከሕንፃው ግራውንድ ጋር ማሰር ነው። ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራልን ከግራውንድ ክሊፕ ጋር አገናኝቶ «ጨርሻለሁ» የሚል ባለሙያ ከመጣ አስወጣው። መንዘሩ ይጠፋል፣ እውነት ነው፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን ግን ሙሉው 220 የዕቃህ ብረት ላይ ይወጣል።

እስከዚያው አሰካክህን አስተካክል። ቲቪውንም ሪሲቨሩንም ከሶኬት ንቀል፣ ኤችዲኤምአዩን ስካ፣ ቀጥሎ የዲሹን ገመድ እሰር፣ ስፒናውን መጨረሻ ላይ። ዲሹ አስቀድሞ ከታሰረ ሪሲቨሩ 100 ቮልት ተሸክሞ ይጠብቅሃል፤ የኤችዲኤምአይ የዳታ መስመር ግን የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው። ፖርትህን የገደለው ይህ ይመስለኛል። ሌላ ገመድ ሞክርበት፤ ካልሠራ በሌላው ፖርት ተጠቀም።

ዝናብ ሲዘንብ ግማሹ ቻናል ይጠፋል ያልከው ሌላ ጣጣ ነው። ሪሲቨሩ ለቨርቲካል 13፣ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው ይልካል። የጠፉት ቻናሎች ሜኑው ላይ ኤች የሚሉት ብቻ ከሆኑ 18ቱ መንገድ ላይ እየወረደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዝገት የያዘ ኮኔክተር ነው። ገመዱን ከኤልኤንቢው ነቅለህ ብትለካ ጭነት ስለሌለው 18 ሊያሳይህ ይችላል፣ አትታለል። ይልቅ ሁለቱንም ጫፍ ንቀልና የመሃሉን ሽቦ ከመረቡ ጋር በኦም ለካ። ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ቁጥር ካሳየ ውሃ ገብቷል ወይም አንዲት የመረብ ክር የመሃሉን ሽቦ ነክታለች።

ያረጀውን ጫፍ ቁረጥና አዲስ ኤፍ ኮኔክተር እሰር። መረቡን ወደ ኋላ እጠፈው፣ የመሃሉ ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይውጣ። ውጭ ያለውን በተራ ናስትሮ አትጠቅልል፤ የአዳማ ፀሐይ ሙጫውን ታቀልጠዋለች። እርስ በርሱ የሚጣበቀውን የጎማ ቴፕ ግዛ። ገመዱ ኤልኤንቢው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዘለል ብሎ ይታጠፍ፣ ውሃው እዚያው እንዲንጠባጠብ። ምሰሶው ላይም አጥብቀህ እሰረው፤ የአዳማ ነፋስ ለተርባይን እንጂ ለልቅ ገመድ አይመችም፣ የቆርቆሮ ጠርዝ ላይ እያሻሸ ልባሱን ይበላዋል።