ካምፐሯ በ80 ትጮሃለች፤ ዲፈረንሻሉን ልቀይረው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የአዳማ ልጅ ነኝ። አንድ አሮጌ መርሴዲስ 508 ዲ አለችኝ። ድሮ ከአውሮፓ በመኪና የመጡ መንገደኞች ትተዋት የሄዱ ናት። አልጋ፣ ምድጃ፣ ትንሽ የውሃ ሮቶ ሁሉ አላት። ሞተሯ የራሷ ነው፤ 3.8 ሊትር ናፍጣ፣ 85 የፈረስ ጉልበት። ካምቢዮዋ ባለ አራት ማርሽ ነው። ዕቃችንን ጭነን ስንወጣ 4 ቶን ተኩል ገደማ ትሆናለች። ችግሬ ፈጣን መንገዱ ላይ ነው። 80 ስነዳት ሞተሩ ይጮሃል፣ ከባለቤቴ ጋር መነጋገር አንችልም፣ አይሱዙ ሳይቀር ይቀድመኛል። አሁን ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ኮሮና፣ ትልቁ ጥርሳም ክብ፣ 39 ጥርስ ነው፤ እሱን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን 8 ጥርስ ነው። አንድ መካኒክ 35 በ8 የሆነ ሙሉ ጥንድ አግኝቶልኛል። ልግጠመው? በወር አንዴ አዲስ አበባ እወጣለሁ። እናቴ አሰላ ናት፣ እሷም ጋ እመላለሳለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ወደ አዋሽ ወረድ እንላለን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍክልኝ። በተለይ ጥርሱን ቆጥረህ መላክህ ሥራዬን አቅልሎልኛል። መልሴን ላስቀድምና፣ አትግጠመው። ለአሰላ መንገድ አይሆንህም።

መጀመሪያ ሂሳቡን አብረን እንይ። 39ን ለ8 ስታካፍል 4.875 ይመጣል። ጎማህ አንድ ዙር ሲዞር፣ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ አምስት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዙር ይዞራል ማለት ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ ሁለቱንም የኋላ እግሮች በክሪክ አንሳ፣ ጎማውና ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ ሁለቱን ጎማዎች እኩል አንድ ዙር እያዞራችሁ አንድ ሰው ከሥር ሆኖ ይቁጠር። ጎማህ 7.00 በ16 ከሆነ በአንድ ዙር 2.36 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ80 ስትነዳ ጎማው በደቂቃ 565 ጊዜ ይዞራል፤ አራተኛ ማርሽህ ቀጥታ ስለሆነ፣ ማለትም ዘንጉና ሞተሩ እኩል ስለሚዞሩ፣ ሞተሩ በደቂቃ 2750 ዙር ላይ ነው። ይህ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው 2800 ላይ ነው። ስለዚህ ሞተርህ አልታመመም። ጣሪያው ላይ ስለደረሰ ነው የሚጮኸው።

35 በ8 ደግሞ 4.375 ነው። ያንኑ 80 በ2470 ትሄደዋለህ። በዛሬው ጩኸት ደግሞ 89 ትደርሳለህ። በወረቀት ላይ ያምራል፣ አልዋሽህም። ግን በየማርሹ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጎተት አቅም በ10 በመቶ ይቀንሳል። እሱን 10 በመቶ ደግሞ አንተ የምትነዳበት አገር ቀድሞ ወስዶብሃል።

እንዴት በለኝ። 85 የፈረስ ጉልበት የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ስትነሳ የቀረህ 70 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 በላይ፣ አሰላም እንደዚያው ከፍ ያለች ናት። ዳገት ላይ ከኋላህ የሚታየው ጥቁር ጭስ ይህንኑ ነው የሚነግርህ፤ ናፍጣው መጠኑ ያው ነው፣ አየሩ ግን ሳስቷል።

የአዳማን ንፋስ ላንተ አልነግርህም። እነዚያን ትልልቅ የንፋስ ተርባይኖች እዚያ የተከሏቸው በከንቱ አይደለም። የአንተ መኪና ደግሞ ሣጥን ናት፣ ግንባሯ ግድግዳ ነው። ከ80 ወደ 90 ስታሳድጋት የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ይጨምራል። እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ በ40 በመቶ ገደማ ያድጋል። ንፋሱ ከፊት ሲመጣብህ አራተኛው ማርሽ አይሸከማትም፣ ሦስተኛ ታወርዳለህ፣ ሦስተኛ ላይ ደግሞ ያው ጩኸት። ከዴራ ወደ ኢተያ ያለውን ዳገት አስበው፤ አራተኛ ማርሽህን ረስተኸው ነው አሰላ የምትገባው።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ለአሮጌ ፒክአፔ ፈጣን ኮሮናና ፒኞን አስገጠምኩ። ሀዋሳ ሜዳው ላይ ደስ አለኝ፣ ሞተሩ ዝም አለ። ከዚያ የቤት ዕቃ ጭኜ ወደ ሀገረ ሰላም ልወጣ ተነሳሁ። ዳገቱ ላይ ከብት መንገድ ዘጋና ቆምኩ። ስነሳ መኪናው እምቢ አለ። ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዤ ጋዝ ስሰጥ ያ የተቃጠለ ሽታ ካቢናውን ሞላው፣ የሙቀቱ መርፌ ቀይ ላይ ወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ የድሮውን አስመለስኩ። ለአንድ ሥራ ሁለቴ ከፈልኩ፣ ፍሪሲዮኑም ተጨመረበት። ቁልቁለቱም ያው ነው። ፈጣን ዲፈረንሻል ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበትን አቅም ይቀንሳል፣ የቀረውን ፍሬኑ ይሸከማል። 4 ቶን ተኩል ይዘህ ከአሰላ ስትወርድ ፍሬኑ እንዲግልብህ አልፈልግም።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልክ፣ ጥያቄህን ደግመህ አንብበው። ያስቸገረህ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ከባለቤትህ ጋር መነጋገር አለመቻልህ ነው። በዚህች መኪና ሞተሩ ግማሽ አካሉ በሁለታችሁ መሀል፣ ከዚያ ክዳን ሥር ነው ያለው። ክዳኑን አንሳና ጠርዙን በጣትህ ዳስሰው። ጠርዙ ላይ ያለው ማሸጊያ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ ዙሪያውን ጥላሸት መስመር ሠርቶ ከሆነ፣ ድምፁም ሙቀቱም ጭሱም የሚገባው በዚያ ነው። አዲስ የበር ጎማ አስገጥምለት፣ ውስጡን እሳት በማይዝ የድምፅ ማፈኛ ምንጣፍ አልብሰው። ከዲፈረንሻሉ በፊት ይህን ብታደርግ ደስ ይለኛል፤ ልዩነቱን የመጀመሪያው ቀን ትሰማዋለህ።

ሁለተኛ፣ ጎማ። 7.50 በ16 አይሱዙ የሚጎርስ ጎማ ስለሆነ አዳማ የትም ጎሚስታ ጋ አታጣውም። በዙሩ 4 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ 80ን በ2650 አካባቢ ትሄዳለህ። ካልተስማማህ ትመልሰዋለህ። ብቻ ቸርኬው ስፋቱ ይችለው እንደሆነ አስለካ። የኋላዎቹ ጥንድ ጎማዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ፣ የፊቶቹም መሪ ሲዞር እንዳይፈጩ እይ። ከኋላ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ እንዳትቀላቅል።

አሰላ መመላለሱ ቀርቶ ኑሮህ ፈጣን መንገዱና አዋሽ ብቻ ቢሆን ግን መልሴ ሌላ ነበር፤ ያኔ 35 በ8ን ግጠመው እልህ ነበር። ያን ጊዜ ኪሎ ሜትር ቆጣሪህን አብረህ አስተካክል። ገመዱ የሚነሳው ከካምቢዮ ስለሆነ 80 እያሳየህ በእውነት 89 ትሄዳለህ፣ ለትራፊክ ፖሊስ ራዳር ደግሞ ይህ ምክንያት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከሀዋሳ ነው የምጽፍልዎ። የሚኒባሴ ፒኞን ጥርሱ ተሰብሮ ከሌላ መኪና የወጣ ፒኞን ብቻውን ገጠሙልኝ። አሁን ጋዝ ስሰጠው ያፏጫል። ዘይት ሲቀየር ይተወዋል አሉኝ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አይተወውም እህቴ። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አብረው የተፋጩ ጥንድ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተቀርጾ ታገኚዋለሽ፣ አስከፍተሽ አስተያዪው። ቁጥሩ ካልገጠመ ሙሉ ጥንድ ፈልጊ። የጥርሱን ቁጥርም ከድሮው ጋር አመሳክሪ። ሲገጠም መካኒኩ ጥርሱን ቀለም ቀብቶ ያዙረው፤ ቀለሙ የጥርሱ መሀል ላይ ሲነካ ካየሽ በኋላ ነው ክዳኑ የሚዘጋው። እስከዚያው ጭነት አታብዢበት፣ 90 የሚባለውን የዲፈረንሻል ዘይትም አስለኪ፤ ዘይቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካየሽ መኪናውን ከዚያው አታንቀሳቅሺው።