አጭር ፊልም በቡድን ለምትሠሩ ተማሪዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስድስት ነን፤ ሁላችንም ዳይሬክተር መሆን እንፈልጋለን። ትዕይንቶቹን ብንካፈልስ?

መልስ፦ አትካፈሉ። በአንድ አጭር ፊልም ሦስት ዳይሬክተር ሲፈራረቅ ተዋናዩ በየትዕይንቱ ሌላ ሰው ይሆናል፣ ኤዲተሩም የማይገጥሙ ሾቶች (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጻቸው ቁራጮች) ይደርሱታል። ለስድስት ሰው ክፍፍሉ ይህ ነው፦ ዳይሬክተር፣ ሰዓት የሚጠብቅ ረዳት ዳይሬክተር፣ ካሜራ፣ ድምፅ፣ ፕሮዲውሰር፣ ኮንቲንዩቲ (ልብስ፣ ዕቃና እንቅስቃሴ ከሾት ሾት መግጠሙን) የሚመዘግብ። ኤዲቲንጉን የመጨረሻው ሰው ቢይዘው ይመረጣል፤ የትኛው ቴክ (የአንድ ሾት ድጋሚ ቀረጻ) እንደተወደደ በእጁ ጽፎታል። ሐሳብ ሁሉም ያዋጣ፣ ግን ስክሪፕቱ ላይ። ቀረጻ ላይ ተዋናዩን ስለ ትወናው የሚያናግረው ዳይሬክተሩ ብቻ ነው፤ ሦስት ሰው ሦስት ነገር ሲነግረው የሚሰማው ያጣል።

ጥያቄ፦ ስክሪፕታችን 12 ገጽ ነው። በሁለት ቀን ያልቃል?

መልስ፦ አያልቅም። በስክሪፕት ፎርማት አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው፤ ጀማሪ ቡድን በቀን ከ3 እስከ 5 ገጽ ከቀረጸ ጎበዝ ነው። ወይ ወደ 8 ገጽ አሳጥሩ፣ ወይ ሦስተኛ ቀን ጨምሩ። ጊዜ የሚበላው ደግሞ ቦታ መቀየር ነው፤ አራት ቦታ የሚጠይቀውን ታሪክ ወደ ሁለት አውርዱት። የሾት ዝርዝሩንም በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በካሜራው አቅጣጫ ደርድሩ፦ ወደ መስኮቱ የሚያዩትን ሾቶች ጨርሳችሁ ወደ በሩ ዙሩ። መብራት የምትተክሉት ሁለቴ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በስልክ እየቀረጽን ድምፁን ለብቻው በመቅጃ እንይዛለን። መጀመሪያ ላይ ይገጥምና እየቆየ ከአፍ ይለያል። ለምን?

መልስ፦ ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹትን የፍሬም (የምስል) ብዛት እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። 24 ወይም 25 ላይ የሚቆልፍ የካሜራ አፕ ተጠቀሙ። የተቀረጸውን ግን ኤዲቲንግ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ቋሚ የፍሬም ብዛት ቀይሩት፤ ከቆረጣችሁ በኋላ መቀየር ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል። መቅጃውን 48 ኪሎኸርትዝ፣ 24 ቢት ላይ አድርጉ፤ የንግግሩ ከፍተኛ ድምፅ -12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። በየቴኩ መጀመሪያ ክላፐር (ምስልና ድምፅ ለማግጠም የሚመታ ሰሌዳ) ምቱ፤ ከሌለ ካሜራው ፊት ጭብጨባ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ስንቀርጽ ድምፁ ለምን ይበላሻል?

መልስ፦ ማይኩ ስለሚርቅ ነው። ቡሙን (ማይኩ የሚታሰርበትን ረጅም ዘንግ) ምስሉ ውስጥ እስካልገባ ድረስ ከተዋናዩ ራስ በላይ አቅርቡና ወደ ደረቱ አዘንብሉት። ፍሪጁን አጥፉ፤ የቤቱን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጡ፣ ሳታበሩት መውጣት አትችሉም። ከየቦታው ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ 30 ሰከንድ ቅረጹ። ኤዲተሩ በንግግሮች መካከል የሚሞላው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ካርዱ ሲሞላ ማን ያጥፋው?

መልስ፦ አንድ የተመደበ ሰው ብቻ፤ ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ገልብጦ፣ ፋይሎቹን ከፍቶ ካየ በኋላ።

ጥያቄ፦ ኤዲቲንግ ላይ መስማማት አቃተን።

መልስ፦ ኤዲተሩ ጀርባ ተሰብስባችሁ አትቁሙ። የመጀመሪያውን ቅጂ አብራችሁ እዩ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ደቂቃና ሰከንድ ጠቅሶ አስተያየቱን ይጻፍ። «ይህን ቁረጡ» ከማለት «እዚህ ጋ ማን እንደሚናገር ጠፋኝ» ማለት ይሻላል፤ መፍትሔው ሌላ ትዕይንት ውስጥ ሊሆን ይችላልና። ዳይሬክተሩ ሰብስቦ ይወስናል። ምስሉ የሚዘጋበትን (የሾቶቹ ቅደም ተከተልና ርዝመት ከዚያ በኋላ የማይነካበትን) ቀን ቀድማችሁ ወስኑ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሾት ማሳጠር የድምፅና የሙዚቃውን ሥራ እንደገና ያስጀምራል።