መልስ፦ አንዱ ባክቴሪያ ለምን ሁለት ዓይነት ውጤት ሰጠ?
ያንኑ ባክቴሪያ ሁለት ጊዜ መርምረው በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ያሉት የስብ አሲዶች መጠን ለምን እንደተለያየ ጠይቀዋል። መሣሪያውን ከመጠርጠርዎ በፊት ሕዋሳቱ እንዴት እንዳደጉ ይመልከቱ። ባክቴሪያ የሽፋኑን ስብ እንደ ሙቀቱ ይለዋውጣል፤ ለምሳሌ ኢሽሪሺያ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲቀዘቅዘው ድርብ ትስስር ያላቸውን የስብ አሲዶች ያበዛል፣ እድገቱ ሲቆም ደግሞ እነዚህኑ ወደ ሳይክሎፕሮፔን ዓይነት (የሦስት ካርቦን ቀለበት ወዳለው) ይቀይራቸዋል። ስለዚህ የአንድ ቀንና የሦስት ቀን ሕዋሳትን ማነጻጸር ትርጉም የለውም። በተለመደው አሠራር አየር ወዳዶቹ (ኦክስጅን ባለበት የሚያድጉት) ባክቴሪያዎች በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ያድጋሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የስብ አሲዶቹን በቀላሉ ወደሚተን ዓይነት ለመቀየር ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሜታኖል በሚጨመርበት ደረጃ ይጠንቀቁ፦ 80 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ፣ ወዲያውኑ ማቀዝቀዝ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ነው፤ ማሞቁ ከተራዘመ የሳይክሎፕሮፔኑ ቀለበት ይፈርሳል፣ የስብ አሲዶቹን ለያይቶ የሚለካው መሣሪያ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፉም፣ ይህንኑ ጉዳት እንደ ባክቴሪያው ጠባይ አድርጎ ያሳይዎታል።